የተሸጎጠ መሣሪያ፦ ራስን የመከላከል መብትና ዕዳው

ቋንቋ አንዳንድ ጊዜ ከፈላስፋ ቀድሞ ነገሩን ያየዋል። አማርኛ በአንድ እጅ የሚተኮሰውን አጭር መሣሪያ «ሽጉጥ» ሲል ጠራው፤ ስሙ የወጣው «ሸጎጠ» ከሚለው ግስ ነው። በመቀነት ውስጥ የተከተተ፣ በብብት ሥር የተወሸቀ፣ በጋቢ እጥፋት የተሰወረ ነገር ማለት ነው። መሣሪያው ስሙን ያገኘው ከአተኳኮሱ ሳይሆን ከአያያዙ ነው። ጠመንጃም የራሱ ታሪክ አለው። የድሮ ሰዎች «ጠበንጃ» ይሉት የነበረው ይህ ቃል መነሻው ከቱርኮች ሲሆን፣ በገዳሪፍ ገበያ ዐረብኛ ተናጋሪው ዛሬም «ጠበንጃ» ሲል ሽጉጥ ማለቱ ነው። አማርኛ ተናጋሪው ግን በትከሻ የሚነገተውን ረጅሙን መሣሪያ ይረዳበታል። አንዱ ቃል ገላባት ላይ ሽጉጥ፣ ድንበሩን ተሻግሮ መተማ ሲደርስ ጠመንጃ ይሆናል።

በዚህ የስም ልዩነት ውስጥ አንድ ከባድ የሥነ ምግባር ጥያቄ ተሸጉጧል። ራሱንና ቤተ ሰቡን ለመጠበቅ መሣሪያ ለመያዝ የቆረጠ ሰው የትኛውን ይምረጥ? እንዴትስ ይያዘው? በግልጥ ይንገተው ወይስ በልብሱ ሥር ይደብቀው? ለነጋዴው ይህ የዋጋ፣ የክብደትና የጥይት አቅርቦት ጉዳይ ነው። ነገሩ ጠለቅ ተብሎ ሲታይ ግን እያንዳንዱ ምርጫ ስለ ሌላው ሰው ሕይወት አስቀድሞ የሚሰጥ ፍርድ ሆኖ ይገኛል።

ስጋቱ ከንቱ አይደለም

ስለ መሣሪያ የሚሰጡ ብዙ ምክሮች የሚጀምሩት «ሰላማዊ ሰው መሣሪያ ምን ያደርግለታል?» ከሚል ተግሣጽ ነው። ይህ ተግሣጽ በየመንገዱ ፖሊስ ለሚገኝበት ከተማ ይስማማ ይሆናል። ከገዳሪፍ እስከ ዶካና ገላባት፣ ከአትባራ ወንዝ ማዶ እስከ ሰቲት ዳር የተዘረጋውን ሜዳ ለሚያውቅ ሰው ግን ጥያቄው መልስ አለው። እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 እንግሊዞች ጋደምባሊያ ላይ በትራክተር የሚታረስ እርሻ ከጀመሩ ወዲህ ይህ የዋልካ ምድር በማሽላና በሰሊጥ የታወቀ ሆኗል። እርሻዎቹ ሰፋፊ፣ መንደሮቹ የተራራቁ ናቸው። በክረምት ዋልካው ሲረጥብ መኪና ይያዛል፤ ከሜዳው መካከል ለሚጮህ ሰው ደራሽ ቢኖር እንኳ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። የሰሊጥ ዐጨዳ ሲያልቅ ደግሞ የብዙ ሳምንታት ደመወዙን በኪሱ የቋጠረ የቀን ሠራተኛ ወደ ቤቱ መንገድ ይጀምራል። ሽፍታም ይህን ወቅት ያውቀዋል።

በዚህ ላይ የመንግሥታት ጠብ ተጨምሮበታል። በአትባራ፣ በሰቲትና በአንገረብ ወንዞች መካከል የሚገኘው የአልፋሻጋ መሬት፣ እ.ኤ.አ. በ1902 ውል ቢፈረምና በ1903 ሻለቃ ጉዊን የተባለው የብሪታንያ መኮንን ድንበሩን ቢያመላክትም፣ ከመቶ ዓመት በላይ ሲያወዛግብ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 በትግራይ ጦርነት ሲነሳ ብዙ ሺሕ ሰዎች ወደ ሐምዳይት፣ ወደ ኡም ራኩባና ወደ ቱናይድባ ተሰደዱ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የሱዳን ጦር ኢትዮጵያውያን ገበሬዎች ያርሱት ወደነበረው የአልፋሻጋ መሬት ገባ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ የስደቱ አቅጣጫ ተገለበጠ፤ ሱዳናውያንና በሱዳን ይኖሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን መተማ ገቡ። በምዕራብ ጎንደር በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ከሰፈሩት ሱዳናውያን ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 የታጣቂዎች ዝርፊያና ጥቃት አስመርሯቸው መጠለያውን ጥለው ወጡ። ከጥይት የሸሸ ሰው ሌላ ጥይት ጠበቀው።

እንዲህ ባለ ምድር «ራሴን በምን ልጠብቅ?» ብሎ መጠየቅ የጠብ አጫሪነት ምልክት አይደለም። ጥያቄው ክብር ያለው ነው፤ መልሱም ያንን ክብር የሚመጥን መሆን ይገባዋል።

መብቱና ሦስቱ በሮች

ራስን መከላከል ሕግም ሃይማኖትም የሚያውቁት መብት ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ከቅጣት ነጻ ያደርጋል። የሱዳን የ1991 የወንጀል ሕግም ይህንኑ መብት ይቀበላል። ይሁን እንጂ ወደዚህ መብት የሚገባው ሰው ሦስት በሮችን ማለፍ አለበት። የመጀመሪያው ጥቃቱ ሕገ ወጥና የተቃረበ ወይም የተጀመረ መሆኑ ነው። ሁለተኛው አደጋውን በሌላ መንገድ ማስወገድ አለመቻሉ ነው። ሦስተኛው መከላከሉ ከአደጋው ክብደትና ከሚጠበቀው ነገር ዋጋ ጋር የሚመጣጠን መሆኑ ነው።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ተረት የመጀመሪያውን በር በሚገባ ይገልጸዋል። ዘራፊው ገንዘቡን ይዞ ጀርባውን ካዞረ በኋላ የሚተኮስ ጥይት የጅቡን መሄድ አይቶ እንደሚጮኸው ውሻ ነው፤ ልዩነቱ ይህኛው ጩኸት ሰው መግደሉ ነው። በዚያች ቅጽበት ተከላካዩ በቀለኛ ይሆናል፤ የሕጉም ጥላ ከላዩ ይነሣል።

የኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 22 ጥንታዊ በሆነ አስተዋይነት ይህንኑ ይለያል። ሌባ በሌሊት ቤት ሰርስሮ ሲገባ ተመትቶ ቢሞት በመቺው ላይ የደም ዕዳ አይሆንም፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ከሆነ ግን የደም ዕዳ አለበት ይላል። ሌሊት ባለቤቱ የሚመጣውን አያይም፤ ቀን ግን ያያል፣ መጮህም ይችላል፣ ሰው ይደርስለታል። ብርሃን ሲኖር ኃላፊነት ይጨምራል ማለት ነው። በእስልምናም ንብረቱን ሲከላከል የተገደለ ሰው እንደ ሰማዕት እንደሚቆጠር በሐዲስ ተዘግቧል። በ13ኛው መቶ ዓመት የኖረው የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ሊቅ ቶማስ አኩዊናስ በበኩሉ፣ ተከላካይ ሊያስበው የሚገባው የራሱን ሕይወት ማዳን እንጂ የሌላውን ማጥፋት አለመሆኑን አስተምሯል። የአጥቂው ሞት ሊከተል ይችላል፤ ግን ግቡ እርሱ መሆን የለበትም፤ ከሚያስፈልገው በላይ ኃይል የተጠቀመም በደለኛ ነው።

የእነዚህ ሁሉ ምንጮች ስምምነት በአንድ ነጥብ ላይ ይገናኛል፦ መብቱ አለ፣ መጠን ግን አለው። አስቸጋሪው ነገር መጠኑ የሚወሰነው ጠቡ በተነሣባት ደቂቃ ብቻ አለመሆኑ ነው። አብዛኛው የሚወሰነው ቀደም ብሎ፣ ሰውየው መሣሪያ ሲገዛ ነው።

መሣሪያን መምረጥ መጠንን መምረጥ ነው

በምሥራቅ ሱዳን እረኛው ዱላውን በትከሻው አጋድሞ ይሄዳል፤ ከቤጃ ሰዎች መካከል ሰይፉን በቆዳ ሰገባ አድርጎ የሚያነግት አለ። ከድንበሩ ወዲያ የቋራና የአርማጭሆ ገበሬ፣ ከአባቱ ውጅግራ ወይም ምንሽር የወረሰው ልማድ ሆኖ፣ ዛሬ ክላሽ አንግቶ እርሻ ይወርዳል። እነዚህ ሁሉ መሣሪያ ናቸው፤ ግን ለባለቤታቸው የሚሰጡት የምርጫ ስፋት አንድ አይደለም።

ዱላ ደረጃ አለው። ማስፈራራት፣ መመከት፣ እግር መምታት፣ መተው ይቻላል። ጥይት ይህ ሁሉ ደረጃ የለውም፤ ከአፈሙዝ ከወጣ በኋላ ተመለስ ቢሉት አይመለስም። እጁ ላይ ሽጉጥ ብቻ ያለው ሰው ለስድብም፣ ለጥፊም፣ ለጩቤም ያለው የመጨረሻ መልስ አንድ ነው። ስለዚህ ሦስተኛው በር፣ ማለትም ተመጣጣኝነት፣ ሳያውቀው ጠብቦበታል።

በክላሽና በሽጉጥ መካከልም ልዩነት አለ። የክላሽ ጥይት ከአፈሙዙ ሲወጣ በሰከንድ 700 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ የማካሮቭ ሽጉጥ ጥይት ግን ከ300 ሜትር ብዙም አያልፍም። በገላጣ እርሻ ላይ ክምር ለሚጠብቅ ዘበኛ ረጅሙ መሣሪያ ሩቅ ያለውን አጥቂ ሳይቀርብ ያቆመው ይሆናል። ያው መሣሪያ ግድግዳው ሣር ወይም ሸራ በሆነበት ሰፈር ሲተኮስ ግን ጥይቱ ሌባውንም አልፎ የጎረቤትን ጎጆ፣ ከጎጆው ውስጥ የተኛውን ሕፃንም ሊያገኝ ይችላል። የሽጉጥ ጥይትም ቢሆን የጎጆ ሣር አያቆመውም። ስለዚህ መሣሪያ የሚመርጥ ሰው ከፊቱ ስለሚቆመው አጥቂ ብቻ ሳይሆን፣ ከአጥቂው ኋላ ስለሚኖረው ሰው ማሰብ አለበት። ያ ሰው ጠቡን አያውቅም፤ ምርጫውም አልተጠየቀም።

ሽጉጥ ሌላም ችግር አለው። አጭር በመሆኑ ለመሳት ቀላል ነው፤ ልምምድ የሌለው እጅ በጥቂት ሜትሮች ርቀት እንኳ ይስታል። ልብ ሲመታ፣ ጣት ሲንቀጠቀጥ፣ ዐይን በጨለማ ሲፈጥ ደግሞ ይብሳል። በአማርኛ «የፈሪ ዱላ» የሚባል አነጋገር አለ፤ የፈራ ሰው መምታት ከጀመረ የት ላይ እንደሚያቆም አያውቅም ለማለት ነው። የወንጀል ሕጉም ይህን የሰው ድካም ያውቃል። በአንቀጽ 79 መሠረት ከመከላከል ወሰን ያለፈ ሰው ቅጣቱ ሊቀልለት፣ መብለጡ ይቅር በሚባል ድንጋጤ ወይም ፍርሃት የመጣ ከሆነም ፍርድ ቤቱ ጨርሶ ሊምረው ይችላል። ሕግ ፍርሃትን ሊምር ይችላል፤ ፍርሃት የገደለውን ግን አያስነሣም። ከዚህም የተነሣ ሳይለማመዱ ሽጉጥ መታጠቅ ገና ለማይታወቅ መንገደኛ አደጋ ይዞ እንደ መዞር ይቆጠራል።

የታየና የተሰወረ

አሁን ወደ ሽጉጥ ስም እንመለስ ቢባል፣ ዋናው ጥያቄ እዚህ ላይ ነው፦ መሣሪያ መታየት ይገባዋል ወይስ መሰወር?

ለመሰወር የሚቀርበው ክርክር ቀላል አይደለም። የተነገተ ጠመንጃ ራሱ ሽፍታ ይጠራል፤ ብዙ ሰው የተገደለው ጠመንጃው ስለተፈለገ ነው። በገበያ መካከል አንግቶ መዞር ሌላውን ያስፈራል፣ ነውጠኛውን ይጋብዛል፣ ሰላማዊውን ያሸማቅቃል። የተሸጎጠ መሣሪያ ግን ማንንም አይተናኮልም፤ ባለቤቱ ከሰው ጋር በሰው ወግ ይነግዳል፣ ቡና ይጠጣል፣ ያወራል። ይህ ትሕትና ሊመስል ይችላል።

በአንጻሩ ደግሞ የታየ መሣሪያ አንድ የማይናቅ ጠባይ አለው፤ ባለቤቱን በሰው ፊት ያቆመዋል። የመንደሩ ሽማግሌ እገሌ መታጠቁን ያውቃል። እገሌ ሲሰክር «መሣሪያህን አምጣ» የሚለው ወዳጅ ይኖረዋል። ጠብ ሲነሣ ሴቶች በመካከል ይገባሉ፤ ዘመድ ጠመንጃውን ይይዛል። ሠርግ ቤትና ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ የት እንዳኖረው ይጠየቃል። ሽምግልና የሚሠራው የሚያየውን ነገር ነው። የተሸጎጠውን ግን ማንም አያውቀውምና ማንም አይገላግለውም። በሻይ ቤት የተጀመረ የቃላት ልውውጥ ድንገት ወደ ሞት ሲያልፍ፣ ሟቹ ከማን ጋር ይነጋገር እንደነበረ ሳያውቅ ሞቷል። አውቆ ቢሆን ኖሮ ዝም ብሎ ይሄድ ነበር። ከዚህ አኳያ የተሸጎጠ መሣሪያ ከሌላው ሰው ላይ የሚወስደው አንድ ነገር አለ፤ አደጋውን አይቶ የመራቅ ዕድሉን።

ሃይማኖቶቹ ስለ አያያዝ የተናገሩት እዚህ ላይ ትልቅ ትርጉም ያገኛል። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ ነቢዩ ሙሐመድ ፍላጻ ይዞ በመስጊድ ወይም በገበያ የሚያልፍ ሰው ማንንም እንዳይጎዳ ጫፉን በእጁ እንዲይዝ አዘዋል። ፍላጻ መያዙን አልከለከሉም፤ ስለቱ ወደ ማን እንደሚያይ ግን ጠይቀዋል። በወንጌልም ጴጥሮስ በጌቴሴማኒ ሰይፉን መዝዞ የሊቀ ካህናቱን ባሪያ ጆሮ ሲቆርጥ፣ የታዘዘው ሰይፉን ወደ ሰገባው እንዲመልስ ነበር። በሁለቱም ትእዛዞች ውስጥ የጋራ ነገር አለ፦ መሣሪያ የያዘ ሰው የመጀመሪያ ኃላፊነቱ በመሣሪያው አጠገብ ለሚያልፈው ሰው ነው።

ይህን ወደ ዛሬው ሽጉጥ ብንወስደው ትርጉሙ በጣም ተራና ተጨባጭ ነው። ቃታው በአፎት ያልተሸፈነ፣ ጥይት ጎርሶ በመቀነት ብቻ የተወተፈ ሽጉጥ ስለቱ ወደ ገበያው ያየ ፍላጻ ነው። ሲቀመጡ፣ ሲነሡ፣ ከጭነት መኪና ላይ ሲወርዱ የሚባርቀው እንዲህ ያለው ነው። ጠንካራ አፎት፣ ባዶ ጉሮሮ፣ ከቃታው የራቀ ጣት የሚባሉት ጥንቃቄዎች የሥነ ምግባር ትእዛዝ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሽጉጡ ከገበያው ዐይን ቢሰወር እንኳ፣ ከሕግ መዝገብና ከቅርብ ሰው እውቀት ሊሰወር አይገባም። በኢትዮጵያ የ2012ቱ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177፣ በሱዳንም የ1986ቱ የጦር መሣሪያ ሕግ ፈቃድ የሚጠይቁት ለዚሁ ነው። ፈቃድ በሥነ ምግባር ዐይን ሲታይ «ይህ መሣሪያ በእኔ እጅ ነው፤ ስለሚያደርገው ሁሉ እኔ እጠየቃለሁ» ብሎ በስም መፈረም ነው።

በቤት ውስጥ ያለው ሰው

መሣሪያ የሚገዛ ሰው የሚያስበው ከውጭ ስለሚመጣው እንግዳ ነው። መሣሪያው ግን አብዛኛውን ዕድሜውን የሚያሳልፈው ከቤተ ሰብ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ፣ በካሊፎርኒያ ነዋሪዎች ላይ የተደረገ ሰፊ የሕክምና ጥናት ሽጉጥ ካለው ሰው ጋር በአንድ ቤት የሚኖሩ ሰዎች፣ መሣሪያ በሌለበት ቤት ከሚኖሩ ጎረቤቶቻቸው ይልቅ በሰው እጅ የመገደል ዕድላቸው ከእጥፍ በላይ ሆኖ አግኝቶታል። በትዳር ጓደኛ ወይም በፍቅረኛ ጥይት የመሞት ዕድላቸው ደግሞ ሰባት እጥፍ ያህል ነበር፤ ከነዚህ ሟቾች አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ካሊፎርኒያ ገዳሪፍ አይደለችም፤ የሽፍታ መንገድም የላትም። ሆኖም ቁጣ፣ ቅናት፣ ስካርና የልጅ ጉጉት በየትኛውም አገር ከቤት ውስጥ የሚገኙ ናቸው።

ሽጉጥ ለባለቤቱም ቅርብ ነው። ከዚህ ድንበር የማይርቀው የቋራው ካሣ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ሆኖ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሕይወቱን ያሳለፈው በሽጉጥ ነበር። ትውልድ ይህን ሞት በክብር ያስታውሰዋል። ነገር ግን በአንድ ክፉ ሌሊት ተስፋ የቆረጠ ስደተኛ ወጣት ንጉሥ አይደለም፤ በእጁ መሣሪያ ባይኖር ኖሮ ሊነጋለት ይችል ነበር። ከተጎዳ ልብ አጠገብ የተቀመጠ ሽጉጥ ከሽፍታ ይልቅ ለባለቤቱ ይፈጥናል። እንዲህ ያለ ጨለማ የከበደው ሰው ካለ፣ መሣሪያውን ከእርሱ አርቆ ለጊዜው ማስቀመጥና ብቻውን አለመተው ከሁሉ የሚቀድም የወዳጅ ግዴታ ነው።

መያዝ የማይችለው ሰው

እስካሁን የተነገረው ሁሉ መሣሪያ ለመያዝ ሕግና ገንዘብ ለሚፈቅዱለት ሰው ነው። በገዳሪፍና በአካባቢው ካሉ አማርኛ ተናጋሪዎች ብዙዎቹ ግን ከዚህ ውጭ ናቸው። የቀን ሠራተኛው፣ ሻይ የምትሸጠው ሴት፣ የመጠለያው ነዋሪ ያለ ፈቃድ ሽጉጥ ቢገኝበት ከሽፍታ ያዳነውን ሕይወት በእስር ያጣዋል። ስደተኛ ከሆነ ጉዳቱ ከራሱም ያልፋል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1969 ያወጣው የስደተኞች ስምምነት ለጸጥታ ሲባል ስደተኞች በተቻለ መጠን ከድንበር ራቅ ብለው እንዲሰፍሩ ይመክራል። መጠለያ ከጦርነት የተለየ ሥፍራ ሆኖ የሚከበረው መሣሪያ እስከሌለበት ድረስ ነው፤ አንድ የተሸጎጠ ሽጉጥ የብዙ ሺሕ ሰዎችን ከለላ በጥርጣሬ ላይ ሊጥል ይችላል።

ታዲያ እነዚህ ሰዎች ራሳቸውን የመከላከል መብት የላቸውም ማለት ነው? አላቸው፤ መሣሪያቸው ሌላ ነው እንጂ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረት ለእነርሱ ጌጥ አይደለም፣ ዘዴ ነው። ከዐጨዳ በኋላ ተነጣጥሎ ከመሄድ ተሰባስቦ በቀን መጓዝ፤ ደመወዝን በኪስ ከመቋጠር በታመነ ነጋዴ በኩል ወደ ቤት መላክ፤ በየተራ ሌሊት መጠበቅ፤ ማን መቼ እንደወጣና መቼ እንደሚደርስ ለቀሪው ሰው መንገር፤ የአካባቢውን ሼህና ሽማግሌ ማወቅና በእነርሱ መታወቅ። ሁለተኛው በር «በሌላ መንገድ ማስወገድ አይቻልም ነበርን?» ብሎ ሲጠይቅ የሚፈልገው መልስ ይህንን ነው። እነዚህ መንገዶች ሽጉጥ ላለውም ቢሆን ይቀድማሉ። የሚሰረቅ ገንዘብ ያልያዘ መንገደኛ ከተኳሹ ይልቅ ብዙ ጊዜ በሰላም ይገባል።

እዚህ ላይ ሐቀኛ መሆን ያስፈልጋል። እነዚህ ዘዴዎች ሁልጊዜ አይበቁም። ተሰባስበው የሄዱም ተዘርፈዋል። መንግሥት ያልጠበቀውን ሰው «መሣሪያ አትያዝ» ብሎ ብቻ ማሰናበት ፍትሕ አይደለም፤ መሣሪያን በብቸኝነት የመያዝ ሥልጣን የሚጠይቅ መንግሥት ዜጋውንም እንግዳውንም የመጠበቅ ዕዳ አብሮ ይወስዳል። ዕዳው ሳይከፈል ሲቀር ወቀሳው በመጀመሪያ የሚያርፈው በተጨነቀው ሰው ላይ መሆን የለበትም።

ሁሉም ሲታጠቅ

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ቶማስ ሆብስ እ.ኤ.አ. በ1651 ባሳተመው «ሌዋታን» በተሰኘው መጽሐፉ፣ የጋራ ዳኛ በሌለበት ሥፍራ ሰው ከሰው የሚዋጋበት አንዱ ምክንያት ክፋት ሳይሆን ስጋት መሆኑን አሳይቷል። አልፋሻጋ ላይ ይህ በዐይን ይታያል። በአንድ ወገን ያለው ገበሬ ሰሊጡን ለመጠበቅ ይታጠቃል፤ በሌላው ወገን ያለው ገበሬ የዚህን ጠመንጃ አይቶ እርሱም ይታጠቃል። ሁለቱም «ለመከላከል ነው» ሲሉ አይዋሹም። ሁለቱም እውነት እየተናገሩ ይገዳደላሉ። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ዐፄ ዮሐንስ የቆሰሉበት ጦርነት የነገሥታት ጦርነት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በዚሁ መስመር የፈሰሰው ደም ግን ብዙው የገበሬ፣ የእረኛና የመንገደኛ ነው።

በሱዳን ጦርነትም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ወድ መደኒ በፈጥኖ ደራሽ ኃይሎች እጅ ስትወድቅ፣ በምሥራቅ ሱዳን ከተሞች ሲቪሉ ሕዝብ ከተማውን ለመከላከል «ሕዝባዊ ሙቃወማ» በሚል ስም እንዲታጠቅ ጥሪ ተደርጓል። የሸሹትን ሰዎች ታሪክ የሰማ ያንን ጥሪ የተቀበለውን አባት አይፈርድበትም። ጥያቄው ጦርነቱ ሲያልፍ ያ መሣሪያ የት ይሄዳል የሚለው ነው። ጠመንጃ ከተገዛበት ስጋት ይልቅ ረጅም ዕድሜ አለው። አባት ለሽፍታ የገዛው፣ ልጅ ለወሰን ጠብ፣ የልጅ ልጅ ለደም መመለሻ ሲያነሣው ማየት ለዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም።

ዕዳው

ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በሕግ ተፈቅዶለት መሣሪያ ለመያዝ የሚያስብ ሰው የትኛው ሽጉጥ ይሻላል ብሎ ከመጠየቁ በፊት ራሱን የሚጠይቃቸው አራት ጥያቄዎች ይኖራሉ። መታጠቁን ለሚስቱ፣ ለሽማግሌውና ለሕግ ሳያፍር መናገር ይችላልን? መሣሪያውን ከልጅ እጅ፣ ከመጠጥና ከራሱ ቁጣ አርቆ ሊያኖረው ይችላልን? ሲተኩስ ከዒላማው ኋላ ማን እንዳለ ለማየት የሚያበቃ ልምምድና ጸጥታ አለውን? ከተኮሰ በኋላስ ሸሽቶ ከመጥፋት ይልቅ ቀርቦ «እኔ ነኝ» ብሎ በፍርድ ቤትም በሟች ቤተ ሰብ ፊትም ሊቆም ቆርጧልን?

አራተኛው ከሁሉ ይከብዳል። በዚህ ምድር የሰው ሞት በሕግ መዝገብ ብቻ አይዘጋም፤ ደም ይቆጠራል፣ ጉማ ይጠየቃል፣ እርቅ ዓመታት ይፈጃል። በትክክል ራሱን የተከላከለ ሰው እንኳ ከገደለ በኋላ እንደ ቀድሞው አይኖርም። ሊከፍለው የሚዘጋጅለት ዕዳ ይህ ነው። ለአራቱ ጥያቄዎች «አዎን» ማለት የቻለ ሰው፣ መብቱን ከነወሰኑ የሚያውቅ ነውና መሣሪያው በእጁ ቢገኝ ጎረቤቱ በሰላም ሊተኛ ይችላል። ለአንዱም ቢሆን መልስ ያጣ ሰው ግን ምንም ያህል አነስተኛ፣ ምንም ያህል ውድ ሽጉጥ ቢመርጥ፣ የሸጎጠው በሰፈሩ ላይ የሚያንዣብብ አደጋ ነው፤ ለእርሱ የሚሻለው መሣሪያ ያለመያዝና ከሰው ጋር ተሰባስቦ በቀን መሄድ ነው።